የሁለተኛው ስንኝ ባለቤት

የሮክ ሙዚቀኞችን በየትውልዳቸው እያስተያየ የሚከራከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጊታር ይነሣል። ማን የበለጠ አስጮኸው፣ ማን ዲስቶርሽኑን አወፈረው፣ ማን ከበሮውን አፈጠነው። ክርክሩ ሞቅ ያለ ነው፤ ግን የትም አያደርስም። ሰው በጎረመሰበት ዘመን የሰማውን ይወዳል፣ የወደደውን ደግሞ ትልቅ ነው ይላል፤ በቃ። እኔ ከግጥሙ ልነሣ፤ ከግጥሙም ከሁለተኛው ስንኝ። ዘፈን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሻገር የተለወጠው ዋናው ነገር የሁለተኛው ስንኝ ባለቤት ነው ብዬ አስባለሁና።

ነገሩ እንዲታይ፣ የሰው ግጥም ሳልነካ፣ እኔው አንድ መንቶ ልግጠም፦

ጉማራ ሲሞላ ከወንዙ ዳር ቆሜ፣
አንቺን ያሻገረ ይሁነኝ ወንድሜ።

ድንቅ ግጥም አይደለም፤ ለማሳያ ግን ይበቃል። ስድስት ስድስት ቀለም ያለው ወል ቤት ነው፤ በፎገራ ሜዳ ያደገ ሰው ሳይቆጥር ልኩን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ አይናገርም። በክረምት ጉማራ ይሞላል፤ በሐሙሲትና በወረታ መካከል የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ዘፋኝ አያስፈልገውም። ስንኙ የሚሠራው ቦታ መያዝና ለቤት መምቻው መንገድ መጥረግ ነው። ጆሮ የሚቀናው ለሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደተከፈተ ይቀራል። ልጅቱን በሰላም ላሻገራት ሰው የቀረበ ምርቃት ነው? ሌላው ወስዷት፣ የተቀደመው ሰው ሳይወድ በግዱ እያዛመደው ነው? ወይስ «ወንድሜ» የተባለው ዱላ ከመነሣቱ በፊት እንደሚባለው ነው? መልሱ ግጥሙ ውስጥ የለም። መልሱ ያለው ቤቱ ውስጥ በተቀመጡት ሰዎች ዘንድ ነው፤ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ማንን እንደቀማ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የደራ ከተማ ናት፤ የገበያዋም ቀን ሐሙስ ነው። ገበያ ሲፈታ፣ እህሉና ሽንኩርቱ ተሸጦ እጅ ላይ ጥቂት ብር ሲኖር፣ ሰው ወደ ጠጅ ቤት ጎራ ይላል። አዝማሪ ካለ ጥቂት ቆይቶ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ብሎ መመልከት ይገባል፤ የግጥም ድርሰት በዓይን የሚታይበት ቦታ ብዙ የለምና። ደንበኛው የመጀመሪያውን ስንኝ ይሰጣል፤ ሲሰጥም አይዘፍነውም፣ እንደ ወሬ ይናገረዋል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ የመጨረሻዋን ቀለም ይጎትታታል። ዕጣን የጠገበው ደጋን የማሲንቆውን አንዲት የፈረስ ጭራ ገመድ ሄድ መለስ እያለ ይፈትጋታል። ደንበኛው እስኪያስብ ጊዜ እየተሰጠው ነው። ቤቱ ሁሉ ሁለተኛውን ስንኝ ይጠብቃል፤ አንዳንዱም በልቡ የራሱን ይገጥማል። ሲመጣ ወይ ሳቅ ነው፣ ወይ «አሃ!» ነው፣ ወይ ዝምታ ነው፤ ዝም ያለው ሰው የተነካው ነው። ከዚያ ብሩ ይወጣል፤ ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል።

ታዲያ ይህን ዘፈን ማን ደረሰው?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ሮክ የተወለደበት የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ እንዲህ ባለ የጋራ ስንኝ የቆመ ነበር። አንድ ስንኝ ከሚሲሲፒ ተነሥቶ እስከ ቺካጎ በሰው አፍ ይጓዝ ነበር፤ ዘፋኙ ካለው ክምችት አንሥቶ፣ ከራሱ አንድ ሁለት ጨምሮ፣ ለዚያ ምሽት የሚሆን ዘፈን ያበጃል። ቀጥለው የመጡት የእንግሊዝ ልጆች ይህን ክምችት በሸክላ ሰምተው ወደዱት፤ ወስደውም ስማቸውን ጻፉበት። ሌድ ዘፕሊን «ሆል ሎታ ላቭ»ን ሲያወጡ፣ ማዲ ዋተርስ ቀደም ብሎ የዘፈነውን የዊሊ ዲክሰን ግጥም ይዘው ነበር። ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፣ ስሙም ከደራሲዎቹ ጎን ገባ። በሌላ በኩል ቦብ ዲላን ከዚያው ከጋራው ክምችት ተነሥቶ የራሱን ቃል እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለመ። በፍርድ ቤቱና በስቶክሆልሙ አዳራሽ መካከል ያለው ርቀት የሮክ ግጥም ታሪክ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። የመጀመሪያው ትውልድ የጋራውን ፈረመበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ፊርማው ራሱ ግጥሙን ለወጠው። ስምህን የምትጽፍበት ነገር አንተን ብቻ መምሰል አለበትና።

እኛ ዘንድ ፊርማው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የአማርኛ ስንኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተናጋሪው ርቆ የሚኖርበት ቤት አገኘ። ጀርመን አገር የተባለው እንደተባለ ቀረ፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ አድማጭ ቢያዝን ቢስቅ ቃሉ አይለወጥም። በኋላ ክቡር ዘበኛና ሀገር ፍቅር መጡ፤ የዘፈን ሥራም ክፍፍል ገባበት። ግጥም የሚጽፍ አንድ ሰው ነው፣ ዜማ የሚሠራ ሌላ፣ የሚያቀናብር ሌላ፣ የሚዘፍን ሌላ። በሀገር ፍቅር እነ ኢዩኤል ዮሐንስ፣ በክቡር ዘበኛ እነ ሳህሌ ደጋጎ የሠሩትን ማንም አይዘነጋም። በክቡር ዘበኛ ተጫዋቹ ወታደር ነበር፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በትእዛዝ የሚጫወተው ዘፈን ውስጥ «ተቀበል» የሚል ደንበኛ የለም። ሁለተኛው ስንኝ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ሄደ።

የኤሌክትሪክ ጊታሩ ትውልድ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ሸክላ የማሳተሙ ሥራ በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ሕጉን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ዓለማየሁ ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ እየከመረ፣ እንደ ጄምስ ብራውን እየጮኸ የመድረኩን አነጋገር ለወጠው። ግርማ በየነ ፒያኖውን ይዞ ያቀናብር ነበር። አያሌው መስፍን ከጥቁር አንበሳ ባንዱ ጋር ሆኖ ጊታሩን እስኪያጉረመርም ድረስ አሻከረው፤ ከዚያ ዘመን ሰዎች ለሮክ እጅግ የቀረበው እሱ ይመስለኛል።

የአያሌው አገር ወልድያ ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ሄዶ ሄዶ የሚያበቃው እዚያ ነው፤ ይህን ያነሣሁት ለጂኦግራፊ አይደለም። የአያሌውን ዘፈኖች ስሰማ ድምፁ ከታች የሚንቀጠቀጠው እንደ ወሎ አዝማሪ ነው፤ ስንኙም በአብዛኛው ሁለት ሁለት እየሆነ ይሄዳል፤ ቅኝቱም የእኛው ነው። የባዕዱ ነገር ጊታሩና ከበሮው ነው። ፎገራ ላይ ከሩዝ ጋር የሆነው ይኸው ነው። ሩዙ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ለሜዳው ተዋወቀ፤ ፎገሬው ግን እንደ ኮሪያ ሰው ቀቅሎ አልበላውም፤ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ምጣድ ላይ አሰፋው። የነአያሌው ትውልድም የአሜሪካኑን ጊታር ወል ቤት ላይ ጋገረው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ትውልድ ዘፈን ሁለተኛው ስንኝ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እንደገና ወደ አድማጩ መመለሱ። ይህን ያደረገው ሳንሱር ነው፤ ሳንሱርን ማመስገኔ አይደለም። ግጥም ከመቀረጹ በፊት ይመረመር ስለነበር፣ ገጣሚው ስለ ፍቅረኛ መክዳት ይጽፋል፤ አድማጩ ስለ ሌላ ክዳት ይሰማል። ደራሲው አላሰበውም ይሆናል። ግን ቤቱ የተቀመጠው ሰው ማን ማንን እንደከዳ ያውቃል፤ መልሱን ይሞላዋል። መርማሪውም ጅል አልነበረም፤ እሱም አድማጭ ነውና እሱም ይሞላል፤ አንዳንዴም ደራሲው ካሰበው አብልጦ። በዚህ ምክንያት ሰው ባልጻፈው ስንኝ ታስሯል። አያሌውን ደርግ አስሮ ከሙዚቃው አገደው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሱ አሜሪካ ሳለ፣ ዘፈኖቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በሎስ አንጀለስ ኩባንያ እንደገና ታትመው ወጡ። የገዛቸው አማርኛ የማይሰማ አድማጭ ስለ ጊታሩ ጻፈ፣ ስለ ከበሮው ጻፈ። ጊታሩ ግሩም ነው፤ ሆኖም ያ አድማጭ ያገኘው የመንቶውን የመጀመሪያ ስንኝ ብቻ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ ይህን ችግር ቃልን በመተው ፈታው ማለት ይቻላል። ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን አስገባው። ሽለላ የሚባለውን ያገሬ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ሳክስፎኑ ሲያገሣ ስንኙን የሚጨምረው ሰሚው ነው፤ ፎካሪው ስም አልጠራም፣ ጠላትም አልጠቀሰም፤ ሆኖም የደም ሥር ይገተራል። ሰባ ዓመት ሲጠጋው ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮከሮች አገኙት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረው አወጡ። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመሩት በመንግሥትና በጦርነት ላይ በመጮኽ ነው፤ እሱ የሚያውቀው የአርበኛን ፉከራ ነው። በቋንቋ አይግባቡም፤ የሚግባቡበት ግን ነበራቸው፤ ሁለቱም የተቀመጠን ሰው ከወንበሩ የማስነሣት ሙያ ነው ያላቸው። በዕድሜ በእጅጉ የተራራቁ ሰዎች ከዚህ ይበልጥ የተስማሙበት ሥራ እኔ አላውቅም። ቃል አለመኖሩ ጠቀማቸው፤ ግጥም ቢኖር ኖሮ ማን ይጻፈው የሚል ጥያቄ ይነሣ ነበር።

የካሴቱን ዘመን ፈጥኜ ልለፈው። ይልማ ገብረአብ በግጥም፣ አበበ መለሰ በዜማ ብዙ ድምፃዊ አነሡ፤ ክፍፍሉ ጸና። እጅጋየሁ ሽባባው ግን ከቻግኒ መጥታ ክፍፍሉን ሰበረችው፦ ግጥሙም ዜማውም ድምፁም የራሷ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም ያዘጋጀላት አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ ይኸው ሰው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አዘጋጀ። አንድ ጆሮ ሁለት ትውልድ ሰምቷል ማለት ነው። ምን እንዳስተያየ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ጃኖ ስሙን ሳያፍር ሮክ ብሎ የመጣ ባንድ ነው። እንደ ሰማሁት ከሆነ ግጥሞቻቸው ከቀደሙት የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ራሳቸውን ይጨርሳሉ። ቤቱ ይነግርሃል፣ አዝማቹ ይደግምልሃል፣ ከዚያ ጊታሩ ይነሣና ያንኑ ስሜት ያለ ቃል ይናገረዋል። አድማጩ የሚሞላው ቀዳዳ ጥቂት ነው። የእኔን የጉማራ መንቶ ብትሰጣቸው ሁለተኛዋን ስንኝ አዝማች ያደርጓታል፤ «ወንድሜ» ስምንት ጊዜ ይጮኻል፤ ከስምንተኛው በኋላ ግን ወንድሜ ምርቃት ይሁን ዛቻ ማንም አይጠይቅም። (ይህን ያልኩት በፍቅር ነው፤ ስምንተኛው ላይ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።) እነዚህ ሩዙን እንደ ሩዝ ቀቅለውታል፤ ጥሩ አድርገው ቀቅለውታል።

አንድ ነገራቸው ግን ቆም ያደርገኛል። ባንዱ ሲነሣ አራት ድምፃውያን ነበሩት፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት። አብዛኛው የዓለም ሮክ ባንድ እንዲህ አይሠራም፤ አንድ ሰው ፊት ይቆማል፣ ሌላው ከኋላ ያጅባል። የጃኖዎቹ ግን አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል። እንዲህ ያለውን ፎገራ ላይ በሩዝ አረም ጊዜ ደቦ የወጣ ሰው ያውቀዋል። አውጪው ከፊት ስንኙን ይለቃል፣ ጭቃ ውስጥ ያጎነበሰው ረድፍ ሁሉ ይቀበላል፣ እጁም በዚያው ምት ይነቅላል። ጃኖዎች ያን ተቀባይ መድረክ ላይ ይዘውት ወጥተዋል። ከአድማጭ የነሡትን ቦታ ለራሳቸው ሰጥተዋል ልል ነበር፤ ፍርዱ ግን ይከብዳል፤ አዳራሽ የሞላ ሰው ስንኝ ሊሰጥ አይችልም፤ ከሺህ አፍ የሚወጣው አዝማች ብቻ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው የአዝማሪውን ክፍት ስንኝ ከሁሉ አስበልጬ ያየሁት ሊመስለው ይችላል። አላስበለጥኩም። ክፍት ስንኝ ለገዢ ክፍት ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ ሁለተኛውን ስንኝ የሚሰጠው ኪሱ የከበደው ነው፤ ስለዚህ አዝማሪው ከሚያወጣው ውስጥ ብዙው የባለጸጋ ሙገሳ ነው፣ የቀረው የባለጸጋ ቂም ነው። እጁ ባዶ የሆነው ሰው ስንኝ ቢኖረውም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የተፈረመ ዘፈን ግን ማንም ያልከፈለበትን ነገር ሊናገር ይችላል። ሮክን ሮክ ያሰኘው ይህ ይመስለኛል፦ ማንም አልሰጠኝም፣ እኔው ነኝ ያልኩት የሚል ግትርነት። የኛ ወጣቶች ይህን ግትርነት ከጊታሩ ጋር ከወሰዱት ከጊታሩ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። የሚያሳስበኝ ግትርነቱ ከሌለ ነው፤ ያኔ ስንኙ ለአድማጩም አልተተወም፣ ደራሲውም አልደፈረበትም።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ወዲህ ፊርማው ሕግ ሆኗል፤ መሆኑም ተገቢ ነው፤ ገጣሚ መብላት አለበት። ሕግ ግን የሚያየው ስም ያለውን ነው። የድሮ ካሴት ሽፋን ገልበጥ ሲያደርጉት ከአንዳንዱ ዘፈን ትይዩ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» የሚል አለ። ሕዝብ ከነሙሉ ስሙ ባለሙያ ሆኖ ተመዝግቦ፣ ከአቀናባሪው ስም በላይ ተቀምጦ! ሂሳቡን ግን የሚቀበልለት የለም። አሁን ደግሞ ሽፋኑም የለም። የትም የገበያ ከተማ እንዳለው ሁሉ ሐሙሲትም ዘፈን በሚሞሪ ይጫናል፤ ሻጩ ጥላሁንን፣ እጅጋየሁን፣ ጃኖንና የሠርግ ጭፈራውን አንድ ፎልደር ውስጥ ከቶ ይሰጥሃል፤ ብዙው ፋይል «ትራክ 07» ነው የሚለው። ማን ጻፈው የሚል ገዢ የለም። መቶ ዓመት የፈጀ ፊርማ በአንድ ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ጠፍቶ ዘፈኑ እንደገና የማንም ሆኗል። ወዲያው ሠርግ ቤት ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ይቀበለዋል፤ አዝማቹን እንዳለ ይተውና ከሁለተኛው ስንኝ ላይ የሙሽራዋን ስም ይሰካል። የመብቱ ባለቤት ቢሰማ ይከስ ይሆናል፤ የሙሽራዋ እናት ግን እልል ትላለች።

ባለቤትነት ከተነሣ አይቀር አዝማሪው የሚሠራት አንዲት ሥራ አለች። ደንበኛ ሁሉ ገጣሚ አይደለም። የሰጠው ስንኝ ቀለም ሊጎድለው፣ ቤቱም ሳይመታ ሊቀር ይችላል፤ በጠጅ የተገጠመ ነውና። አዝማሪው ያን አንካሳ ስንኝ ተቀብሎ፣ ማሲንቆውን አንድ ዙር ያዞርና፣ የጎደለችውን ቀለም ይጨምራል፣ የመጨረሻዋን ቃል በሌላ ይለውጣል፤ ሲያወጣው ስንኙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤቱ «አሃ!» ይላል። ደንበኛው ዞር ዞር እያለ የሰዉን ፊት ያያል፤ ብር ይጨምራል። የሰማ ሰው አዝማሪውን ቆይቶ ቢጠይቀው «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ እሳቸው ያሉትን ነው የደገምኩት» ነው መልሱ። ደንበኛውም በሚቀጥለው ሐሙስ ያችኑ ስንኝ ለጓደኞቹ ይናገራታል፤ አዝማሪው ባቃናት መልክ፣ በራሱ ስም።